ሄርኩለስ ኤክስ-1፦ አንድ ኮከብ፣ በየጉልበቱ ሌላ ትርታ

ሄርኩለስ ኤክስ-1 የኒውትሮን ኮከብ (እጅግ የታመቀ የሞተ ኮከብ ቅሪት) ነው፤ የሚለቀው ኤክስሬይ በየ1.24 ሰከንዱ አንዴ ይመታል። ስለዚህ ኮከብ የተጻፈ ነገር ስታነቡ መጀመሪያ የምታገኙት ቁጥር ይህ ነው፤ ትክክልም ነው። ጣጣው የሚመጣው “እሺ፣ ትርታው ምን ይመስላል?” ብላችሁ ስትጠይቁ ነው። ለዚህ አንድ መልስ የለም። በ0.5 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት (የጨረር ጉልበት መለኪያ ነው) የሚያይ ሰው ለስለስ ያለ ሞገድ አየሁ ይላችኋል። በ5 የሚያይ ትከሻ ያለው ሰፊ ጉብታ ይላል። በ40 የሚያይ ደግሞ ቀጠን ያለ ሹል ጫፍ። ሁሉም እውነታቸውን ነው። ኮከቡ አንድ ነው፤ ሽክርክሪቱም አንድ ነው።

ልዩነቱ ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ ተመራማሪዎችን ከ50 ዓመት በላይ ሲያከራክር ቆይቷል። የኔ አቋም ቀላል ነው። የኤክስሬይ ፐልሳርን፣ ማለትም እንዲህ እየተሽከረከረ የሚመታ ኮከብን፣ ትርታ በየትኛው ጉልበት እንደታየ ሳይጠቅሱ ማውራት ግማሽ ወሬ ነው። ለዚህ ደግሞ ከሄርኩለስ ኤክስ-1 የተሻለ ምስክር አላውቅም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ስለ ጉልበት ትንሽ እንበል። ዓይናችን የሚያየው የብርሃን ፎቶን (አንዷ የብርሃን ቅንጣት) 2 ወይም 3 ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት አለው። ሆስፒታል ራጅ የምንነሳበት ጨረር ደግሞ በአሥሮች የሚቆጠር ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ሄርኩለስ ኤክስ-1 ከአንድ ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት በታች ጀምሮ እስከ ራጁ ደረጃና ከዚያም በላይ ያበራል። ዝቅተኛውን ለስላሳ፣ ከፍተኛውን ጠንካራ ኤክስሬይ ይሉታል። እኔም እንደዚያው እላለሁ።

ኮከቡ ከእኛ ወደ 20,000 የብርሃን ዓመት ርቆ፣ ሄርኩለስ በሚባለው ኅብረ ኮከብ አቅጣጫ ይገኛል። ብቻውን አይደለም። ከፀሐይ ሁለት እጥፍ ገደማ ከሚከብድ ኤችዜድ ሄርኩሊስ ከተባለ ተራ ኮከብ ጋር በ1.7 ቀን አንዴ ይዞራል። እሱ ራሱ 1.5 ፀሐይ ያህል ይመዝናል፤ ይህ ሁሉ ክብደት የታጨቀው ግን ዲያሜትሩ ከ25 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ኳስ ውስጥ ነው። ከጓደኛው ጋዝ ይስባል። ጋዙ ቀጥ ብሎ አይወድቅም፤ መጀመሪያ ዙሪያውን እየተሽከረከረ ሰፊ ዲስክ ይሠራል። ከዚያ ወደ ውስጥ ሲጠጋ የኒውትሮን ኮከቡ ማግኔት ይይዘውና ወደ ሁለቱ ማግኔታዊ ዋልታዎች ይነዳዋል። እዚያ የሚያርፈው ከብርሃን ፍጥነት ግማሽ ያህሉን ይዞ ነው። ከዚህ ግጭት የሚወጣው ኤክስሬይ ከፀሐይ ጠቅላላ ብርሃን ወደ 10,000 እጥፍ ይጠጋል።

ማግኔታዊ ዋልታው ከሽክርክሪቱ ዛቢያ ትንሽ ዘንበል ስላለ ጨረሩ ወደ እኛ ዞር፣ ከእኛ ዞር ይላል። አምቡላንስ ጣሪያ ላይ የሚሽከረከረውን መብራት አስቡት፤ አምፖሉ አይጠፋም፣ ለእናንተ ግን ብልጭ ድርግም ይላል። እስከዚህ ድረስ ብዙ ሰው ሰምቶታል። ግን በዚህ ሥዕል ብቻ ከሄድን ትርታው በሁሉም ጉልበት አንድ ዓይነት መሆን ነበረበት። የአምቡላንሱ መብራት ቀይ ሆነ ሰማያዊ የሚዞረው እኩል ነዋ። እዚህ ላይ ነው ሥዕሉ የሚያንሰን።

ታሪኩ ወደ ሠፈራችን ጠጋ ይላል። ኤችዜድ ሄርኩሊስ ብርሃኑ እንደሚለዋወጥ ጀርመናዊው ኩኖ ሆፍማይስተር በ1936 መዝግቦት ነበር፤ ለምን እንደሆነ ግን ማንም አላወቀም። መልሱ የመጣው በኡሁሩ ነው። ኡሁሩ ለኤክስሬይ ሥነ ፈለክ ብቻ የተሠራ የመጀመሪያው ሳተላይት ሲሆን፣ ዲሴምበር 12 ቀን 1970 ከኬንያ ማሊንዲ ፊት ለፊት ባሕር ላይ ካለው የጣሊያኖች የሳን ማርኮ መድረክ ተወነጨፈ። ቀኑ የኬንያ የነፃነት በዓል ስለነበር ስሙም በስዋሂሊ “ነፃነት” ተባለ። በነገራችን ላይ በኋላ የማነሳው አይክስፒ የተባለው ሳተላይት ዳታውን ወደ ምድር የሚያወርደው በዚያው በማሊንዲ ጣቢያ በኩል ነው። ከሞያሌ ወዲያ ባለው ጎረቤታችን ይህን ያህል ነገር መሠራቱን እኛ ጋ የሚያወራ ሰው ብዙም አልገጠመኝም።

በሪካርዶ ጃኮኒ የሚመራው የኡሁሩ ቡድን የሄርኩለስ ኤክስ-1ን ትርታ በ1972 ይፋ አደረገ። የ1.24 ሰከንዱ ትርታ፣ የ1.7 ቀኑ ግርዶሽ፣ ከዚያም ሦስተኛ ነገር፦ ምንጩ ለ10 ቀን ገደማ ደምቆ ይታይና ይደበዝዛል፤ ይህም በ35 ቀን ገደማ ይደጋገማል። ኡሁሩ የሚያየው ከ2 እስከ 20 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ብቻ ስለነበር ከዚያ በላይም ሆነ በታች ያለው ታሪክ ለሌሎች ቆየ። ጃኮኒ በ2002 የኖቤል ሽልማት ካገኙት አንዱ ሆነ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የትርታ ቅርጽ የሚባለው ነገር እንዴት እንደሚወጣ ካላየን ቀጣዩ ነገር አየር ላይ ይንሳፈፋል።

መመርመሪያው ላይ የሚያርፍ እያንዳንዱ ፎቶን ሁለት ነገር ይዞ ይመጣል፦ የደረሰበትን ሰዓትና ጉልበቱን። ሰዓቱ እንዳለ አይወሰድም። ሳተላይቱ መሬትን ይዞራል፣ መሬት ፀሐይን ትዞራለች። ስለዚህ መጀመሪያ ሰዓቱ ፎቶኑ የሥርዓተ ፀሐይ የክብደት ማዕከል ላይ ቢደርስ ኖሮ ወደሚኖረው ሰዓት ይቀየራል። ከዚያ የኮከቡ የራሱ ምህዋር አለ። የምህዋሩ ራዲየስ በእኛ አቅጣጫ ሲለካ 13.2 የብርሃን ሰከንድ ነው። ኮከቡ ከጓደኛው ማዶ ሲሆን የሚልከው ትርታ ወዲህ ሲሆን ከሚልከው 26 ሰከንድ ያህል ይዘገያል ማለት ነው። ለ1.24 ሰከንድ ትርታ ይህ ከ20 ዙር በላይ ነው። ይህን ሳታርሙ ፎቶኖቹን ብትደራርቡ ጫፉም ሸለቆውም ተደበላልቆ ጠፍጣፋ መስመር ነው የሚወጣላችሁ።

እርማቱ ካለቀ በኋላ እያንዳንዱ ፎቶን በ1.24 ሰከንዱ ዙር ውስጥ የቱ ጋ እንደሚያርፍ ይሰላል። ብዙ ሺህ ዙር አንዱ በአንዱ ላይ ይደረባል። ከዚያ ያንኑ ሥራ ለየጉልበቱ ለየብቻ ትደግሙታላችሁ፤ ከ3 እስከ 5፣ ከ5 እስከ 8፣ እያለ ወደ ላይ። ዳታው የናሳ መዝገብ ውስጥ ለማንም ክፍት ነው፤ ኢንተርኔቱ ካልቀለደ አዲስ አበባም ባሕር ዳርም ተቀምጦ ማውረድ ይቻላል።

ከታች እንጀምር። ከ1 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት በታች ያለው ትርታ ሰፊና ክብ ነው። ሹል ነገር የለውም። ከፍታው ደግሞ ከጠንካራው ትርታ ጫፍ ጋር አይገጥምም። ለዚህ ጥሩ ማብራሪያ አለ፦ ይህ ለስላሳ ብርሃን በአብዛኛው ከኮከቡ አይመጣም። ከዋልታው የወጣው ጨረር የዲስኩን የውስጥ ጠርዝ ይመታዋል፣ ጋዙን ወደ አንድ ሚሊዮን ዲግሪ ያሞቀዋል፣ የሞቀው ጋዝ ደግሞ ለስላሳ ኤክስሬይ መልሶ ይለቃል። እኛ የምናየው በዲስኩ ላይ እየዞረ የሚሄደውን የሙቅ ቦታ ነው። ዲስኩ ሰፊ ስለሆነ ሹሉ ነገር ይሟሽሻል። ጨረሩ ዲስኩን የሚያገኝበት ጊዜና እኛን የሚያገኝበት ጊዜ አንድ ስላልሆነ ጫፎቹ ይዛነፋሉ። ይህ ዝንፈት ራሱ በ35 ቀኑ ዑደት ውስጥ መለዋወጡ፣ ዲስኩ ጠፍጣፋ ሳይሆን የተጣመመና ቀስ እያለ የሚዞር መሆኑን ከሚያሳዩ ምልክቶች አንዱ ነው።

ከ2 እስከ 10 ባለው መካከለኛ ክልል ውስጥ ነገሩ ይወሳሰባል። ዋናው ጉብታ መሃሉ ላይ አንድ ከፍታ አለው፤ በግራና በቀኙ ደግሞ ትከሻዎች አሉ። ከግማሽ ዙር በኋላ አነስ ያለ ሁለተኛ ጉብታ ይታያል። ወደ ላይ ስትወጡ ትከሻዎቹ ይከስማሉ፣ ሁለተኛው ጉብታም ይደክማል። ከ20 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት በላይ የሚገዛው የመሃሉ ከፍታ ነው፤ እሱም ጉልበቱ በጨመረ ቁጥር እየቀጠነ ይሄዳል።

ለምን? በዚህ ማግኔት ውስጥ ብርሃን በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይሄድም። ፎቶን ከኤሌክትሮን ጋር የመጋጨት ዕድሉ ከማግኔቱ መስመር ጋር በሚሠራው ማዕዘንና በጉልበቱ ይወሰናል። በመስመሩ አቅጣጫ መንገዱ ክፍት ነው፣ በጎን በኩል ግን ጠባብ ነው። ጉልበቱ ሲቀየር የመንገዱ ጥበትም ይቀየራል። ስለዚህ ከአንድ ዋልታ አንዱ ጉልበት ቀጥ ብሎ ወደ ላይ፣ ሌላው ተዘርግቶ በጎን ሊወጣ ይችላል። የኮከቡ ስበት ደግሞ ብርሃንን ስለሚያጥፍ ከጀርባ ያለውም ዋልታ የራሱን ድርሻ ይልክልናል። ትከሻዎቹን ከዚያኛው ዋልታ በስበት ታጥፎ ከመጣ የጎን ጨረር ጋር የሚያያይዙ ተመራማሪዎች አሉ። ቅርጹን ወደ ሁለት ዋልታ ለመበተን የሞከሩ ሌሎች ደግሞ ዋልታዎቹ በትክክል ተቃራኒ ላይ አይደሉም፣ ትንሽ ያፈነገጡ ናቸው ብለዋል። ሁለቱም አሳማኝ ናቸው። አንዱን ብቻ ይዞ “ተፈታ” ማለት ግን ለኔ ችኮላ ነው። ሁለት ዋልታ ለየብቻው ጨረሩን እንደፈለገ እንዲቀርጽ ከፈቀድንለት የማይገጥም ቅርጽ ማግኘት ይከብዳል።

የጉዳዩ ልብ ያለው ግን 40 አካባቢ ነው።

በሜይ 1976 ከማክስ ፕላንክ ተቋምና ከቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ የመጡ፣ በዮአኪም ትሩምፐር የሚመሩ ጀርመኖች ከፓለስታይን፣ ቴክሳስ የምርምር ባሉን ለቀቁ። ፓለስታይን እዚያ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ኤክስሬይ ከባቢ አየራችንን ስለማያልፍ መሣሪያውን ከአብዛኛው አየር በላይ ማውጣት ነበረባቸው። የሄርኩለስ ኤክስ-1 ጠንካራ ጨረር ላይ ያልተጠበቀ ነገር አዩ፤ 58 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ላይ ጉብታ። በ1978 አሳተሙት። ቆይቶ ሲታይ ጉብታ የመሰለው ነገር ከጎኑ ባለ ጉድጓድ ምክንያት ከፍ ብሎ የታየ መሆኑ ተረጋገጠ። እውነተኛው ነገር 40 አካባቢ ያለው ጉድጓድ ነው፦ ብርሃን የጎደለበት ቦታ።

ጉድጓዱ እንዲህ ይፈጠራል። በጣም ብርቱ ማግኔት ውስጥ ያለ ኤሌክትሮን በመስመሩ ዙሪያ እንደፈለገው መዞር አይችልም። የተወሰኑ የጉልበት ደረጃዎች ብቻ ተፈቅደውለታል። ከአንዱ ደረጃ ወደሚቀጥለው ለመውጣት የሚያስፈልገውን ጉልበት በልኩ የያዘ ፎቶን ከመጣ ኤሌክትሮኑ ይይዘዋል። በዚህ የሚፈጠረው ጉድጓድ ሳይክሎትሮን መስመር ይባላል። እርምጃው ለአንድ ትሪሊዮን ጋውስ (የማግኔት ብርታት መለኪያ ነው) 11.6 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ብርሃኑ ከኮከቡ ስበት ሲወጣ የሚያጣውን ጉልበት ጨምረን ካሰብን፣ 37 ላይ የሚታይ ጉድጓድ ዋልታው ላይ 4 ትሪሊዮን ጋውስ ገደማ አለ ማለት ነው። የመሬት ማግኔት ከአንድ ጋውስ አይሞላም። የኒውትሮን ኮከብ ማግኔት ቀጥታ ሲለካ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ትርታው ከጉልበት ጋር እንዴት እንደሚቀያየር ለሚያጠና ሰው ይህ ጉድጓድ ወርቅ ነው። ምክንያቱም የትርታው ድርሻ፣ ማለትም ከጠቅላላው ብርሃን ምን ያህሉ ከፍ ዝቅ እንደሚል፣ በጥቅሉ ከጉልበት ጋር እየጨመረ ቢሄድም ጉድጓዱ ጋ ሲደርስ ዝቅ ይላል። በ2012 የተወነጨፈውና ከ3 እስከ 79 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት የሚያየው ኑስታር ይህን በደንብ አሳይቷል። በ2023 የወጣ ጥናት ትርታውን በጥቂት ሰፋፊ ክልሎች ከመክፈል ይልቅ ዳታው እስከሚችለው ድረስ በቀጫጭኑ ከፋፍሎ የትርታውን ድርሻ እንደ ስፔክትረም፣ ማለትም በጉልበት ቅደም ተከተል፣ አነበበው። ሳይክሎትሮን መስመሩ እዚያ ላይ ራሱን ያሳያል። ሌላም ነገር ታየ፦ የብረት አተሞች ብርሃን በሚሰጡበት 6.4 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢም የትርታው ድርሻ ይወርዳል። የብረቱ ብርሃን ከኮከቡ ርቆ ካለ ጋዝ ይመጣል፤ ከትርታው ጋር እኩል አይመታም። ስለዚህ የትርታውን ድርሻ ይቀንሰዋል። ይህን አካሄድ በጣም ነው የወደድኩት። ስለ ጨረሩ ቅርጽ ምንም ሳይገምቱ ከዳታው ብቻ የሚወጣ ነገር ነው።

ሳይክሎትሮን መስመሩ ራሱም አንድ ቦታ አይቀመጥም። በአንድ ትርታ ውስጥ እንኳ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ዋልታውን የምናይበት ማዕዘን ሲቀየር የምናየው የማግኔት ክፍል ይቀየራላ። ኮከቡ ሲደምቅ መስመሩ ወደ ላይ ይወጣል። ብዙ ጋዝ ሲወድቅ ዋልታው ላይ የተከመረውን ጋዝ ተጭኖ ወደ ኮከቡ ገጽ ያስጠጋዋል፣ እዚያ ደግሞ ማግኔቱ ይበረታል የሚል ማብራሪያ ይሰጣል። በዓመታትም ይዋዥቃል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከ35 አካባቢ ወደ 40 እና ከዚያ በላይ ዘለለ። ከዚያ እስከ 2012 ድረስ 5 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ቀስ በቀስ ወረደ። አሁን 37 አካባቢ ረግቷል። የኮከቡ ማግኔት በ20 ዓመት ውስጥ እንዲህ ደከመ ብሎ የሚያምን የለም። የሚጠረጠረው ዋልታው ላይ የተከመረው ጋዝ ነው፤ ቁመቱ ወይም የማግኔቱ መስመር በክምሩ ላይ የሚይዘው ቅርጽ ተቀይሯል።

ከዚያ በ2021 መጨረሻ የተወነጨፈው አይክስፒ መጣ። ይህ መሣሪያ የኤክስሬይን ፖላራይዜሽን፣ ማለትም ሞገዱ ወደ የት አቅጣጫ እንደሚወዛወዝ፣ ከ2 እስከ 8 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ይለካል። ለሄርኩለስ ኤክስ-1 ቲዮሪው ከ60 እስከ 80 በመቶ ይጠብቅ ነበር። የተለካው በአማካይ ከ10 በመቶ በታች ሆነ። ትልቅ ውድቀት ነው፤ እኔ ግን ጤናማ ውድቀት ነው እላለሁ። ያ ትንበያና ትርታው በየጉልበቱ ለምን እንደሚለያይ ስናብራራ የኖርነው ነገር ሥራቸው አንድ ነው፤ ብርሃን በማግኔት ውስጥ በአንዱ አቅጣጫ ከሌላው ይልቅ በቀላሉ ይወጣል የሚለው። አንዱ ከሳተ ሌላውም እንደገና መፈተሽ አለበት። ከቀረቡት ሐሳቦች አንዱ፣ ከላይ ከሚወድቀው ጋዝ የተነሳ የገጹ ስስ ንብርብር ከሥሩ ካለው ይልቅ ይግላል፤ ብርሃኑ በዚያ ሲያልፍ ሁለቱ የፖላራይዜሽን ዓይነቶች ይደበላለቃሉ፣ ይጣፋሉም የሚል ነው።

ያው መሣሪያ ሌላም ነገር ሰጠ። የፖላራይዜሽኑ አቅጣጫ በትርታው ውስጥ ሲዞር በመከታተል የኮከቡ ሽክርክሪት ዛቢያ ከምህዋሩ ዛቢያ ቢያንስ 20 ዲግሪ ገደማ እንዳዘነበለ ተገኘ። በ2024 የወጣ ተከታይ ሥራ ደግሞ በ35 ቀኑ ዑደት ውስጥ ይህ ጂኦሜትሪ እንደሚለዋወጥ አሳይቶ፣ ኮከቡ ራሱ ሳይወዛወዝ አይቀርም ብሏል።

ይህ ለትርታው ጥያቄ ቀላል ነገር አይደለም። እስካሁን በ35 ቀን ውስጥ የሚታየውን የትርታ ለውጥ በአብዛኛው ዲስኩ ላይ ነበር የምናላክከው። ምንጩ ሲበራ የዲስኩ የውጭ ጠርዝ ከፊቱ ቀስ እያለ ገለል ይላል፤ በዚያ ሰዓት ለስላሳው ኤክስሬይ ተውጦ ይቀራል፣ ጠንካራው ሾልኮ ያልፋል። ምንጩ ወደ መጨረሻው ሲጠጋ ደግሞ የውስጥ ጠርዙ ዋልታውን ይሸፍናል፤ ያኔ ሁሉም ጉልበት አብሮ ይደበዝዛል፣ ዋናው ጉብታም ከአንድ ጎኑ መበላት ይጀምራል። ኮከቡ ራሱ ከተወዛወዘ ግን ማንም ሳይሸፍነው የጨረሩ አቅጣጫ ይቀየራል። ያ ለውጥ 40 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ላይም መታየት አለበት፤ ዲስኩ ከመንገዱ ገለል ባለበት፣ ምንጩ በደመቀበት ሰሞን እንኳ። ሁለቱን ለመለየት ከለስላሳው እስከ ሳይክሎትሮን መስመሩ በላይ ያለው ትርታ በአንድ ጊዜ፣ በዑደቱ ውስጥ ደጋግሞ መለካት ይኖርበታል። ኑስታርን ለስላሳውን ከሚያይ ሌላ ቴሌስኮፕ ጋር አቀናጅቶ የተጣመመውን ዲስክ መልክ ማውጣት ተጀምሯል። አይክስፒም ወደዚህ ኮከብ ተመላልሷል።